አራት መስኮት፣ አሥር ጣት

መስኮት በአማርኛ መስኮት ነው። የሱዳን ዐረብኛ የቤቱን መስኮት «ሹባክ» ይለዋል፤ የኮምፒዩተሩን ግን «ናፊዛ» ብሎ በሌላ ስም ለይቶታል። አማርኛ ይህን ልዩነት አላደረገም፤ ነፋስ ለሚገባበትም፣ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ለሚከፈተውም አንድ ቃል በቅቶታል። «የቁልፍ ሰሌዳ» በሚለው ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ተስማምተዋል፤ ዐረብኛው «ለውሐት አል መፋቲሕ» ሲል ቃል በቃል ያንኑ ማለቱ ነው። እንደገና የሚለያዩት ሁለት ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ሥራን የማቃለሉን ዘዴ ሲሰይሙ ነው። ዐረብኛው «ኢኽቲሳር» አለው፤ ረጅሙን ንግግር በአጭሩ መቋጨት ማለት ነው። አማርኛው «አቋራጭ» አለው፤ ዋናውን ጎዳና ትቶ በእርሻ መካከል የሚያልፍ የእግር መንገድ ነው።

በገዳሪፍ ሜዳ ለኖረ ሰው የአማርኛው ስም ትርጉም ማብራሪያ አይሻም። በሰሊጥና በማሽላ መካከል የሚያልፈው አቋራጭ በበጋ ብዙ ሰዓት ያተርፋል፤ ክረምት ገብቶ ጥቁሩ አፈር ሲጨቀይ ግን ሰውንም መኪናንም ይዞ ያስቀራል። አቋራጭ የሚጠቅመው መሬቱን ለሚያውቅና ወዴት እንደሚሄድ ለቆረጠ ነው። በኮምፒዩተሩም ላይ ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሀዋታ የምትገኘው በራሃድ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ከኢትዮጵያ ሲነሣ ሽንፋ ይባላል፤ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ራሃድ በሚል ስም ይጠራና በክረምት እየሞላ፣ በበጋ እየጎደለ ሄዶ ወደ ጥቁር ዓባይ ይገባል። አንድ ውኃ በሁለት ስም መጠራቱ በዚህ አገር በሰውም ላይ የሚደርስ ነገር ነው። በመተማና በገላባት በኩል ለአረምና ለአጨዳ የመጣ ወጣት፣ በደርግ ዘመን ተሰድዶ የገባ ቤተሰብ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ተከዜን ተሻግሮ የመጣ ስደተኛ፣ ሁሉም በአገሩ ፊደል የተጻፈ አንድ ስም ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ሲደርስም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ሌላ ስም ይጨመርለታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሱዳን ራሷ ጦርነት ውስጥ ከገባች ወዲህ ደግሞ ወረቀቱን አስተርጉሞ ለመንቀሳቀስ የሚፈልገው ሰው በሁለቱም አቅጣጫ የሚጓዝ ሆኗል።

በዚህች ከተማ በቤቷ ተቀምጣ የምትሠራ አንዲት ተርጓሚ አለች። አርባውን ዓመት ተሻግራለች፤ በዩኒቨርሲቲ የተማረችውን ቋንቋ እንጀራዋ አድርጋዋለች። የሥራ ቢሮ የላትም። ያላት በሳሎኑ ጥግ የተቀመጠ አንድ ኮምፒዩተር ነው፤ እሱንም ከልጆቿ ጋር ትጋራዋለች። የሚመጣላት ሥራ ልብ ወለድ ወይም ግጥም አይደለም። የልደት ማስረጃ፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የሥራ ውል፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ አልፎ አልፎም የፍቺ ወይም የውርስ ሰነድ ነው። አንድ ገጽ የማይሞላ ወረቀት ለባለቤቱ ግን የሕይወቱን ግማሽ የያዘ ሊሆን ይችላል።

አንዱን ወረቀት ለመተርጎም ቢያንስ አራት መስኮት መክፈት አለባት። በአንደኛው ዋናው ሰነድ፣ በፎቶ ወይም በስካነር የተነሣው፣ ይቀመጣል። በሁለተኛው ትርጉሙ ይጻፋል። በሦስተኛው ለዓመታት ያጠራቀመችው የስሞች መዝገብ አለ፤ የትኛው ስም በየትኛው ወረቀት እንዴት እንደተጻፈ የተመዘገበበት ነው። በአራተኛው የዘመን መቁጠሪያዎች ማመሳከሪያና መዝገበ ቃላት ይከፈታሉ። አራት መስኮት ለአንዲት ትንሽ ስክሪን ብዙ ነው። ለአንድ ሰው ትኩረትም ብዙ ነው።

የስሞቹ መዝገብ ለምን እንዳስፈለገ ሁለቱን ፊደሎች የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ዐረብኛ ለ«ጨ»፣ ለ«ቸ» እና ለ«ጰ» የራሱ ፊደል የለውም። «ገ»ንም አንዱ ጸሐፊ በቃፍ፣ ሌላው በጂም፣ ሦስተኛው በገይን ይጽፋታል። አጭር አናባቢ በተለመደው የዐረብኛ ጽሑፍ ስለማይጻፍ ግእዙና ሳድሱ በወረቀት ላይ አይለዩም። እንግዲህ ገብረ ማርያም የተባለ ሰው በሕክምና ካርዱ በቃፍ፣ በመኖሪያ ወረቀቱ በጂም የተጀመረ ስም ቢኖረው የሚያስደንቅ አይሆንም። ጎረቤቱን ለሚያውቅ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ወረቀት ለሚመረምር ሠራተኛ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው።

ዘመኑም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያዊው አቆጣጠር ከመስከረም መባቻ እስከ ፈረንጆች ዓመት መለወጫ በ7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይዘገያል። የሂጅራው ዓመት ደግሞ 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ስላለው ከሁለቱም ጋር በየዓመቱ ቦታ ይለዋወጣል። ጥቅምት የተወለደን ልጅ 8 ዓመት ጨምሮ የሚያሰላ ሰው ልጁን በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል፤ ለትምህርት ቤት ወይም ለጉዞ የዕድሜ ገደብ ባለበት ቦታ ያቺ አንድ ዓመት ብዙ ነገር ትዘጋለች።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጠንቅቃ የምታውቅ ተርጓሚ እንዴት ትሳሳታለች? ስሕተት ከዕውቀት ማነስ ብቻ አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚገባው ከመስኮት ወደ መስኮት ሲታለፍ ነው። ዓይን ከአንዱ ወረቀት ተነሥቶ ሌላውን ሲፈልግ፣ እጅ ማውሱን ለመያዝ ከፊደሎቹ ላይ ሲነሣ፣ ከታች ተደብቆ የነበረ የትናንት ደንበኛ ሰነድ ብቅ ሲል፣ በዚያች ቅጽበት የአንዱ ሰው ቀን በሌላው ሰው ስም ሥር ይለጠፋል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ሰዋስዉ ትክክል ነው፣ ማኅተሙም አርፎበታል። ሰውየው ግን ሌላ ሰው ሆኗል።

ኮምፒዩተሩ ከፋብሪካ የሚወጣበት ሥርዓት ይህን ሥራ አስቦ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ መስኮቶችን እንደ ንጣፍ ሸክላ ጎን ለጎን ይደረድር ነበር እንጂ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ አይፈቅድም ነበር፤ መደረብ የተፈቀደው በ1987 በወጣው ሁለተኛው ዕትም ነው። የመስኮት ምልክት ያለባት ቁልፍ በ1994 ማይክሮሶፍት ባወጣው የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ታየች። መስኮትን በቀስት ቁልፍ ወደ ስክሪኑ ግራ ወይም ቀኝ ግማሽ ማስጠጋት ደግሞ ከዊንዶውስ 7 ጋር በ2009 መጣ። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ፊደል፣ በአንድ አቅጣጫ የሚጽፍ ሰውን አስበው የተሠሩ ናቸው።

የግእዝ ፊደል ወደዚህ ቤት የገባው ዘግይቶና በብዙ ሰው ድካም ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር የታገሉት 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ያን ሁሉ በላቲን ፊደል ልክ በተሰፋ ሰሌዳ ላይ ማዋል ቀላል አልነበረም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንደ ፍስሐ አጥላውና እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር አስገቡት። እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ግን አብዛኛው የአማርኛ ጽሑፍ የተጻፈበት የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 በወጣው 3.0 ዕትሙ ተቀበለው፤ ዊንዶውስ ቪስታም በ2007 ለሕዝብ ሲቀርብ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ። ፊደሉ ከዚያ ወዲህ በቤቱ ነው። የቤቱን ዕቃ አቀማመጥ መለወጥ ግን ለነዋሪው የተተወ ሥራ ነው።

ተርጓሚዋ የጀመረችው ከቋንቋ መለወጫው ነው። በዊንዶውስ ላይ ግራውን አልት ከሺፍት ጋር ሲጫኑ ቋንቋው ወደሚቀጥለው ይዞራል። ሁለት ቋንቋ ላለው ሰው ይህ ይበቃዋል። እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ ላለው ሰው ግን እንደ ቀለበት መንገድ ነው፤ አንዴ የሳተ እንደገና መዞር አለበት፣ ስንት ጊዜ እንደዞረም ይጠፋበታል። በሱዳን ገበያ የሚሸጠው የቁልፍ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ የላቲንና የዐረብኛ ፊደል ታትሞበታል፤ የግእዙ ፊደል የሚጻፈው በጸሐፊው ጣት ትውስታ ብቻ ነው። «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም የሚሉትን ቁልፎች የምትጫን እጅ ሰሌዳው በዐረብኛ ላይ ቀርቶ ከሆነ የምታገኘው ሲን፣ ሣ፣ ሚም፣ ሺንና ታ መርቡጣ ነው። ይህ ሲደርስ ይታያል፤ ይታረማልም። የከፋው ሌላ ነው፤ ዐረብኛ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ኮንትሮልና ሺፍት በቀኝ በኩል ሲጫኑ የአንቀጹ አቅጣጫ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል። ቋንቋ ለመለወጥ የተዘረጋች ጣት አንድ ቁልፍ ብትስት የአማርኛው ዓረፍተ ነገር ነጥቡን በግንባሩ ተሸክሞ ይገለበጣል።

መፍትሔው ከቀለበቱ መውጣት ነበር። በዚያው የቋንቋ ማስተካከያ ውስጥ ለየአንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ቁልፍ መስጠት ይቻላል፤ ግራውን አልትና ሺፍት ይዞ 1 ሲጫኑ አማርኛ፣ 2 ሲጫኑ ዐረብኛ፣ 3 ሲጫኑ እንግሊዝኛ እንዲመጣ። መዞር ቀረ፤ ጠርቶ ማምጣት ሆነ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለውጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጠቀማት። እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ የመጻፊያው ቋንቋ በየመስኮቱ የተለየ ነበር፤ በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን ለሁሉም መስኮት አንድ ሆነ። የቀድሞውን ሥርዓት የሚመልስ አንድ ትንሽ ሣጥን በቁልፍ ሰሌዳው ተጨማሪ ማስተካከያዎች ውስጥ አለ። እሱን ምልክት አድርጋ ከዘጋች በኋላ እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ቋንቋ ይዞ ይጠብቃት ጀመር። ትርጉሙ የሚጻፍበት መስኮት አማርኛ ነው፣ የስሞቹ መዝገብ ዐረብኛ ነው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሻገር ቋንቋውም አብሯት ይሻገራል። ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከተከፈቱ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም፤ በልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ያስቀመጠቻቸውም ስለዚህ ነው። ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰውም ጂኖም በተባለው ገጽታ ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫ ይገኛል።

ቀጥሎ የመስኮቶቹ ቦታ መጣ። የመስኮት ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከግራ ቀስት ጋር መጫን መስኮቱን ወደ ግራ ግማሽ፣ ከቀኝ ቀስት ጋር መጫን ወደ ቀኝ ግማሽ ይወስደዋል። ዐረብኛ ከቀኝ ስለሚጀምር ዐረብኛውን በቀኝ፣ አማርኛውን በግራ ማስቀመጥ መጀመሪያ ተፈጥሯዊ መስሎ ይታያል። በዚህ አቀማመጥ ግን የዐረብኛው መሥመር ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ፣ የአማርኛው ከግራ ጠርዝ ይጀምራል፤ ዓይን ከመሥመር መጀመሪያ ወደ መሥመር መጀመሪያ ለመሄድ ስክሪኑን ሙሉ መሻገር አለበት። ተርጓሚዋ ገለበጠችው። ዐረብኛው በግራ፣ አማርኛው በቀኝ ሲሆን የሁለቱም መሥመር መነሻ በስክሪኑ መካከል ይገናኛል። አንዱ ከመካከል ወደ ግራ፣ ሌላው ከመካከል ወደ ቀኝ ይነበባል። ሁለት ሰዎች ከአንድ በር ወጥተው በተለያየ አቅጣጫ እንደሚሄዱ ነው፤ በሩን የያዘ ሰው ሁለቱንም ያያል። ይህን የሚያህል ነገር ለማግኘት ያስፈለገው ሁለት ቀስትና አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

የቀሩትን ሁለት መስኮቶች በቁጥር ጠራቻቸው። በስክሪኑ ግርጌ ባለው መደርደሪያ ላይ የተሰኩ ፕሮግራሞች ተራ አላቸው፤ የመስኮት ቁልፏ ከ1 ጋር የመጀመሪያውን፣ ከ2 ጋር ሁለተኛውን ታመጣለች። ተራውን እየጎተቱ ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ 1 ዋናው ሰነድ፣ 2 ትርጉሙ፣ 3 የስሞቹ መዝገብ፣ 4 የዘመን መቁጠሪያው ሆኑ። ተራው እንደ ገበታ አቀማመጥ ነው፤ ከተለመደ በኋላ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ የለም። ጣት «3» ስትል ዓይን ገና ሳይደርስ የስሞቹ መዝገብ ይከፈታል። አልትና ታብ የሚባለው የተለመደው መሸጋገሪያም አለ፤ እሱ ግን በቅርብ የታየውን መስኮት እያስቀደመ ተራውን ስለሚለዋውጥ ለዚህ ዓይነት ሥራ አይታመንም። ትናንት ሦስተኛ የነበረው ዛሬ አንደኛ የሚሆንበት መደርደሪያ ላይ መድኃኒት አይቀመጥም።

ኮምፒዩተሩ በሳሎን መሆኑ የራሱ ጣጣ አለው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይመጣል፤ መጥቶም የሚቀመጠው ስክሪኑ በሚታይበት ቦታ ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ የአንድ ሰው ስም ከአንድ የሆስፒታል ወረቀት ጋር መታየቱ ወሬ ሆኖ ወንዙን ለመሻገር ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። «ኧረ ይሄ ያ የእንትና ልጅ አይደለም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ክፋት የለበትም፤ ጉዳት ግን አለበት። የመስኮት ቁልፏ ከኤል ጋር ስትጫን ኮምፒዩተሩ ይቆለፋል፤ ከዲ ጋር ስትጫን መስኮቶቹ ሁሉ ወርደው ባዶው ገጽ ይቀራል። ተርጓሚዋ የመጀመሪያውን መርጣለች፤ ከእንግዳ ጋር ተሳስማ እስክትቀመጥ ድረስ ስክሪኑ ተዘግቷል። ከተማረቻቸው አቋራጮች ሁሉ የሰውን ክብር የሚጠብቀው ይኸኛው ነው ማለት ይቻላል።

በዚሁ ምክንያት ያልተቀበለችውም አለ። በ2018 በዊንዶውስ 10 ላይ የተጨመረው የቅጂ ማኅደር፣ የመስኮት ቁልፏን ከቪ ጋር በመጫን የሚከፈተው፣ ቀድሞ የተገለበጡ እስከ 25 የሚደርሱ ነገሮችን ያስታውሳል። ለብዙ ሰው ትልቅ ምቾት ነው። ለእሷ ግን የጠዋቱ ደንበኛ ስም ከሰዓት በኋላ ካለው ደንበኛ ስም አጠገብ ተዘርዝሮ የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ዘግታ ተወችው። መሣሪያን ለራስ ማስተካከል የሚጨምሩትን ብቻ ሳይሆን የሚተዉትንም መምረጥ ነው።

መብራት የሚጠፋበት አገር ደግሞ ሌላ ሥርዓት ይሻል። መብራት ሲሄድ አራቱም መስኮት ይሄዳሉ፤ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ እንጂ ሥርዓቱ አይመለስም። ዎርድ ለአደጋ ጊዜ የሚይዘውን ቅጂ ሳይነኩት በየ10 ደቂቃው ነው የሚያስቀምጠው፤ ቁጥሩን ማሳነስ ይቻላል፣ እሷም አሳንሳዋለች። ለስሞቹ መዝገብና ለዘመን መቁጠሪያው ደግሞ በዴስክቶፑ ላይ መክፈቻ ምልክት አድርጋ፣ በምልክቱ ባሕርይ መዘርዝር ውስጥ የቁልፍ ጥምረት ሰጥታቸዋለች፤ ኮንትሮልና አልት ይዞ አንድ ፊደል መጫን ፋይሉን ከተዘጋበት ያስነሣዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው በአንዳንድ የሰሌዳ አቀማመጥ ላይ ኮንትሮልና አልት አንድ ላይ የቀኙን አልት ስለሚተኩ፣ ልዩ ፊደል የሚጻፍበትን ጥምረት አቋራጩ እንዳይበላው ነው። ከዚህ የረቀቀ ሥራ ለሚፈልግ ክሪስ ማሌት በ2003 ያወጣው አውቶ ሆትኪ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ማንኛውንም ቁልፍ ለማንኛውም ሥራ ለማዋል ያስችላል፤ የሚጻፍለት መመሪያም በፍላሽ ይዘውት የሚሄዱት አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ናት።

የቤቱ ልጆች ይህን ሁሉ ለውጥ ወዲያው አልወደዱትም።

«እማዬ፣ ኪቦርዱን ምን አደረግሽው? ዐረብኛ ስለው አማርኛ ይላል» አለ ትንሹ፣ የትምህርት ቤት ሥራውን ጀምሮ።

«ኪቦርዱ ደኅና ነው የኔ ጌታ፤ የኔን ቦታ ይዘህ ነው እንጂ» አለችው።

መልሱ እውነት ነበረበት። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሲከፈትለት የቋንቋውና የመደርደሪያው ተራ የሚለወጠው ለዚያ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጁ በራሱ ስም ሲገባ የራሱን ሰሌዳ ያገኛል፤ የእናቱ ደንበኞች ወረቀትም ከእጁ ይርቃል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሥርዓት ያለ ጠብ ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ በቀላሉ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ላነበበ ሰው የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ ስንት ደቂቃ አተረፈች?» የሚለው ሊሆን ይችላል። ስለ አቋራጭ ቁልፎች የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ ስለ ፍጥነት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ግን ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ስምን ከመዝገብ አንሥቶ በአንድ ምት ትርጉሙ ላይ የሚለጥፍ አቋራጭ መሥራት አይከብድም፤ የተሳሳተውንም ስም በዚያው ፍጥነት ይለጥፈዋል። ተርጓሚዋ ስሞችን አትለጥፍም፤ እያየች በጣቷ ትጽፋለች፣ ከዚያም ፊደል በፊደል ታመሳክራለች። አቋራጮቹ ያተረፉላት ጊዜ የሚውለው ለዚህ ዝግታ ነው። እጅ መንገድ ከመፈለግ ሲያርፍ ዓይን ለማንበብ ነጻ ይወጣል።

ሌላም ዕዳ አለው። ለአንድ ሰው ብቻ የተስተካከለ ሰሌዳ ያንን ሰው በሌላ ሰሌዳ ላይ እንግዳ ያደርገዋል። በገዳሪፍ ከተማ በሰው ኮምፒዩተር ላይ ስትቀመጥ ጣቶቿ 3ን ጠርተው የማያውቁት ነገር ይከፈትባቸዋል፤ በገዛ ቋንቋዋ መንተባተብ ትጀምራለች። ስለዚህ ሁለት ልማድ ይዛለች። አንደኛው አቋራጮቿን ጥቂት ማድረግ ነው፤ ከአሥር አይበልጡም፣ እያንዳንዱም አንድ የታወቀ ስሕተት ለመዝጋት የገባ ነው። ሁለተኛው እነዚያን አሥሩን በአንዲት ወረቀት ጽፋ ከስክሪኑ አጠገብ መለጠፍ ነው። ወረቀቷ በሁለት ቋንቋ ተጽፋለች፤ «አቋራጭ» በሚለው አንጻር «ኢኽቲሳር» ተብሏል።

አንድ ቀን እናት የሆኑ አንዲት ሴት ለልጃቸው የተተረጎመ ወረቀት ሊወስዱ መጡ። ማንበብ በሁለቱም ፊደል አይችሉም።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ያለው የኔ ልጅ ስም ነው?» አሉ፣ ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ እያሳረፉ።

«አዎ እማማ፤ ቁጭ ይበሉ፣ ሁለቱንም ላንብብልዎት» አለቻቸው።

ዐረብኛውን በግራ፣ አማርኛውን በቀኝ አድርጋ፣ መሥመር በመሥመር፣ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀን በሦስቱም ዘመን አነበበችላቸው። ሴትየዋ የሚያዳምጡት ትርጉሙን አልነበረም፤ ልጃቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር እንዳይጠፋ ነበር የሚጠብቁት። በመጨረሻ «እሱ ነው» አሉ።

አንድ ሰው የራሱን ኮምፒዩተር ቁልፎች በራሱ ፍላጎት ማስተካከሉ ከውጭ ሲያዩት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል። በሁለት ፊደል መካከል ለሚሠራ ሰው ግን ፋብሪካው ያላሰበውን ሁለተኛ ቋንቋ ወደ ቤቱ አስገብቶ ወንበር መስጠት ነው። ቦታው የታወቀ ቋንቋ አይጋፋም፤ ቦታው የታወቀ መስኮትም የሌላውን ሰው ስም ይዞ ብቅ አይልም። የእነዚህ አሥር አቋራጮች ሒሳብ በመጨረሻ የሚወራረደው ወረቀቱን ተቀብሎ ከበር በሚወጣው ሰው ዘንድ ነው፤ ስሙ በሁለቱም ፊደል ያው የራሱ ስም ሆኖ ከተገኘ መንገዱ በእውነት አጥሮለታል።